ገመዱ የት ነው የታሰረው?



አዘጋጆቹ «ከትምህርትህ ጋር የተያያዘ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ እንደምጽፍ ጠብቀው ይሆናል። እኔ ግን የምጽፈው ሰውን በጀልባ ስለመጎተት ነው። አትሳቁ። ሰዎች ስኪ ተጫምተው ወይም በተነፋ ጎማ ላይ ተኝተው ከጀልባ ኋላ በውሃ ላይ ሲከንፉ በቪዲዮ ሳታዩ አትቀሩም። ከሐዋሳ፣ ከባሕር ዳር ወይም ከባቱ የመጣችሁ ደግሞ የጀልባ ነገር አይገርማችሁም። እኔን ግን ይህ ጨዋታ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ነገሩ ወደ እኔ የመጣው በአጎቴ ልጅ በኩል ነው። ያደግሁት ሻሸመኔ ነው፤ ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ መድረሳ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ላንጋኖ ዳር ነው የሚሠራው። እቁብ ሲወጣለት ያገለገለች የፋይበር ጀልባ ከነባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተሯ ገዛ፤ በበዓልና በሳምንት መጨረሻ እንግዶችን ሐይቁ ላይ ያዞራል። ቁጭ ብሎ መዞር ግን ወጣቱን አላረካውም። ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ እያሳዩ «እንዲህ አትጎትተንም?» ይሉታል። ኢድ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ፦ «ኢንጂነሩ፣ ከኋላ የምትበየድ አንድ ነገር ንደፍልኝ። ሰው ልጎትት ነው።»

ፎቶዎቹ ሦስት ነበሩ። በአንደኛው ከገበያ የተገዛ ሰማያዊ የናይለን ገመድ በጀልባዋ የኋላ ግራ ጥግ ላይ ካለችው ቀለበት ጋር ታስሯል። በሁለተኛው የጭነት መኪና ጎማ ውስጥ የሚገባው ተነፊ ጎማ ይታያል፤ ከሥሩ ሸራ ተሰፍቶለታል፤ ሁለት ሰው ይይዛል። ሦስተኛውን ሳይ ግን ስልኩን አልጋዬ ላይ አስቀመጥኩት። ጎማው ላይ ሁለት የመኪና ቀበቶዎች ከነመቆለፊያቸው ተሰፍተውበታል፤ ስፌቱም የጥሩ ልብስ ሰፊ ሥራ ነው። ከፎቶው ሥር «እንዳይወድቁ» ብሎ ጽፏል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት ነው።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ከውሃ ስኪ በፊት አኳፕሌን የሚባል ነገር ነበር። ሰፊ ጣውላ በገመድ ከጀልባ ጋር ይታሰርና ሰውየው ጣውላው ላይ ቆሞ፣ እንደ ፈረስ ልጓም ከጣውላው የወጣ ገመድ ይዞ ይጎተታል። የጀልባዋ ገመድ የታሰረው ጣውላው ላይ ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. ግን በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ሌክ ሲቲ በምትባል ትንሽ ከተማ ራልፍ ሳሙኤልሰን የሚባል ወጣት፣ በበረዶ ላይ የሚሄድ ሰው በውሃ ላይስ ለምን አይሄድም ብሎ ተነሣ። ቦታው የሚሲሲፒ ወንዝ ሰፍቶ ሐይቅ የሚሆንበት ሌክ ፔፒን ነው። መጀመሪያ የበርሜል ጣውላ እግሩ ላይ አደረገ፤ አልሆነም። የበረዶ ስኪ ሞከረ፤ እሱም አልሆነም። ከዚያ 8 ጫማ ርዝመትና 9 ኢንች ስፋት ያላቸው ሁለት የጥድ ጣውላዎች ገዝቶ፣ ጫፋቸውን በፈላ ውሃ አለስልሶ ወደ ላይ ቆለመማቸው። ጀልባውን የነዳለት ወንድሙ ቤን ነው። ደጋግሞ ወደቀ። 19 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጁላይ 2 ቀን፣ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ የስኪዎቹን ጫፍ ከውሃው በላይ ሲያደርግ ቆመ።

እኔን የማረከኝ ዕቃው ነው። ገመዱ 100 ጫማ ያህል ርዝመት ያለው የመስኮት ገመድ ነበር፤ እጀታው ደግሞ የመንደሩ ቀጥቃጭ የሠራለት የብረት ቀለበት። ከዚህ ውጭ ምንም የለም። የፈጠራ መብት እንኳ አላስመዘገበም፤ በ1925 ፍሬድ ዋለር የተባለ ሌላ ሰው ነው የውሃ ስኪ ፓተንት ያወጣው። ሳሙኤልሰን የመጀመሪያው እሱ መሆኑ በይፋ የታወቀለት ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሁሉም ስለ ስኪዎቹ ያወራል። በእኔ አስተያየት ግን ትልቁ ሥራ ያቺ ቀለበት ናት። የገመዱ ጫፍ ከጣውላው ተፈትቶ ወደ ሰውየው እጅ መጣ። ሲከብደው፣ ሲፈራ ወይም ሲወድቅ ጣቱን ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ጀልባው ብቻውን ይሄዳል፤ እሱ ውሃው ውስጥ ይቀራል።

ይህን ሳነብ መድረሳችን ትዝ አለኝ። ግቢው ውስጥ ለዉዱእ የምንቀዳበት ጉድጓድ ነበር። ጀሪካኑ ሲሞላ ይከብዳል፤ እኛ ትንንሾቹ ደግሞ እንዳያመልጠን ገመዱን እጃችን ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ እንጠመጥማለን። ኡስታዛችን ያንን ካዩ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ይመጡ ነበር። «ፍታው! ጀሪካን ይገዛል» ይሉናል። ያኔ ለጀሪካኑ አለመሳሳታቸው ይገርመኝ ነበር። የውሃ ስኪ አሠልጣኞችም ለጀማሪ አስቀድመው ከሚነግሩት አንዱ ይኸው ነው፤ ገመድ እጅህ ላይ አትጠምጥም፣ ክንድህንም በእጀታው ውስጥ አታሳልፍ።

ስለዚህ ለአጎቴ ልጅ መጀመሪያ የጻፍኩለት ስለ ብየዳው አልነበረም። «ቀበቶዎቹን ቅደድ» አልኩት። ተቆጣ። ስፌቱን ገንዘብ ከፍሎበታል። ደግሞም ሐሳቡ የጨዋ ሰው ሐሳብ ነው፤ እናቶች ዳር ቆመው «ልጄን እሰርልኝ» ይሉታል። መኪና ውስጥ ቀበቶ ነፍስ ያድናል። ግን መኪና ውስጥ የሚያድነው ዙሪያህን ብረት ስላለና መውጣት ከመቆየት የባሰ ስለሆነ ነው። ውሃ ላይ የሚጎተት ጎማ ሲገለበጥ የታሰረው ሰው ራሱ ወደ ታች ሆኖ ይቀራል፤ ጀልባው እስኪቆም ድረስ ውሃ እየተጋተ ይጎተታል። ሐይቁ ላይ በላይፍ ጃኬት መውደቅ የጨዋታው ብልሽት አይደለም፤ መውጫ በሩ ነው። ቀበቶው በሩን ይቆልፋል።

አሁን ወደ ብረቱ። ገመዱ በግራ ጥግ ሲታሰር ምን እንደሚሆን የኢንጂነሪንግ ተማሪ ያልሆናችሁም በቀላሉ ታዩታላችሁ፤ ጋሪን በአንድ ጎኑ ብቻ ብትጎትቱት ይዞራል። ጀልባ በ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲታጠፍ ከኋላ ያለው ጎማ እንደ ጅራፍ ጫፍ ወደ ውጭ ይወረወራል፤ ፍጥነቱም ከጀልባው ይበልጣል። 45 ደረሰ እንበል፤ በሴኮንድ 12.5 ሜትር ነው። ገመዱ 18 ሜትር ቢሆንና ላዩ ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች በጠቅላላው 140 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በክብ ለማዞር ብቻ 1,200 ኒውተን ያህል ያስፈልጋል። 120 ኪሎ በገመዱ ጫፍ እንደማንጠልጠል ነው፤ የውሃው ግፊት ገና አልተቆጠረም። ያ ሁሉ ከመሃል መስመር 70 ሳንቲ ሜትር ርቃ ባለች ቀለበት ላይ ሲያርፍ መሪው ከነጂው ጋር ይታገላል።

ለዚህ ተብለው የተሠሩ ጀልባዎች ሞተራቸው ውስጥ ነው፤ ገመዱም የሚታሰረው በመሃላቸው አካባቢ ከቆመ አጭር የብረት ምሰሶ ላይ ነው። ስኪ የሚጫማው ሰው ወደ ጎን ሲስብ የጀልባውን ጅራት ይዞ አያዞረውም። ዌክቦርድ የሚባለው ሰፊ ጣውላ ደግሞ መዝለል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከጀልባው ወለል ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ያለ ታወር ይቆምለታል፤ ገመዱ ከላይ ሲስበው ለመነሣት ያግዘዋል። የአጎቴ ልጅ በቪዲዮ ያየው ይህን ነው፤ «ታወር ንደፍልኝ» የሚለኝም ለዚህ ነበር። ታወር የሚሠሩት ፋብሪካዎች ግን ተነፊ ጎማ እንዳይጎተትበት አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ያው 1,200 ኒውተን በግማሽ ሜትር ከፍታ ሲስብ 600 ኒውተን ሜትር ነው፣ በሁለት ሜትር ከፍታ ግን 2,400። ጎማው አፍንጫው ውሃ ውስጥ ሲሰካ ደግሞ ኃይሉ በቅጽበት እጥፍ ድርብ ይሆናል። ታወሩ ወይ ይነቀላል ወይ ጀልባውን ያዘነብለዋል።

ሞተሩ ከኋላ ለተንጠለጠለ ትንሽ ጀልባ የሚሆነው ታወር ሳይሆን ከዚህ ያነሰ ነገር ነው። በሁለቱም የኋላ ጥጎች ላይ ካሉት ቀለበቶች አጭር ገመድ ይዘረጋል፣ በሞተሩ ጀርባ ያልፋል፣ መሃሉ ላይ ፑሊና ተንሳፋፊ ኳስ ይኖረዋል። መጎተቻው ገመድ ፑሊው ላይ ይያዛል። ጎማው ወደ ቀኝ ሲሄድ ፑሊው ይከተለዋል፤ ጭነቱ ለሁለቱም ቀለበቶች ይካፈላል፤ ሞተሩም አይነካም። ኳሱ ደግሞ ገመዱ ሰምጦ ፕሮፔለር ውስጥ እንዳይገባ ነው። ብየዳ የለውም። የሚያስፈልገው የቀለበቶቹን ብሎኖች መፍታትና ከውስጥ በኩል ሰፋ ያለ የብረት ሰሌዳ አድርጎ መልሶ ማሰር ብቻ ነው፤ ፋይበር በትንሽ ቦታ ከተሳበ ይቀደዳልና። የአጎቴ ልጅ ቅር አለው። ታወር በፎቶ ያምራል፤ ይህ ግን አይታይም።

ገመዱ ላይ ግን ብዙ ተከራከርን። ናይለን ጠንካራ ነው፤ ውሸት አይደለም። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ ከውሃ ይከብዳል፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ከሆነ ያንኑ የሚያክል ናይለን 1.14 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ይሰምጣል፣ ፕሮፔለሩንም ይፈልጋል። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው 0.91 ስለሆነ ይንሳፈፋል። ሁለተኛ ናይለን ሲሳብ ይለጠጣል። የተለጠጠ ነገር ጉልበት ያከማቻል፤ ሲበጠስ ወይም ቀለበቱ ሲነቀል ያ ሁሉ ጉልበት ወደ ጀልባው ይመለሳል፤ እዚያ ደግሞ ነጂው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ለመልሕቅ ጥሩ የሆነው መለጠጥ እዚህ ጠላት ነው።

በአሜሪካ የውሃ ስፖርት ዕቃ አምራቾች ማኅበር ለዚህ መለኪያ አለው። አንድ ሰው ለሚጭን ተነፊ ጎማ ገመዱ ቢያንስ 680 ኪሎ ሳይበጠስ መሸከም አለበት፤ ለሁለት ሰው 1,077፣ ለሦስት 1,520፣ ለአራት 1,860 ያህል። ርዝመቱ ከ15 ሜትር እንዳያንስ፣ ከ20 ሜትር እንዳይበልጥ ይላሉ፤ ሲያጥር ጎማው ሞተሩ አጠገብ ይሆናል፣ ሲረዝም ጅራፉ ይበረታል። «አንተ 120 ኪሎ ብለኸኝ፣ እነሱ 1,077 የሚሉት ምን ነካቸው?» አለኝ የአጎቴ ልጅ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ያሰላሁት ውሃው ለጥ ብሎ፣ ነጂውም አደብ ገዝቶ ሲነዳ ያለውን ነው። መለኪያው የወጣው ጎማው ለሚሰካባት ቅጽበት ነው። ደግሞ ገመዱ ላይ ቋጠሮ ካለ ጥንካሬው እስከ ግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ ፀሐይም ዓመቱን ሙሉ ትበላዋለች።

እንዲህ ያለ ገመድ ገበያችን ላይ አላገኘንም። ሚኒያፖሊስ የምትኖር አክስት አለችን፤ ከሳሙኤልሰን ሐይቅ የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ናት፣ ስለ እሱ ሰምታ ባታውቅም። እዚያ ገመዱ በስፖርት ዕቃ መደብር እንደ ኳስ ይሸጣል። ለዘመድ ጥየቃ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ላከችልን፤ «ልብስ እንኳ አልጠየቃችሁኝም፣ ገመድ!» ብላ ስቃብናለች። እዚያ ግዛት የሚጎተት ሰው ካለ ጀልባው ላይ ወይ ተመልካች ሰው ወይ ሰፊ የኋላ መስታወት መኖሩ ሕግ እንደሆነም እሷን አስነበብኳት፤ ለቀጣዩ ክርክር ስለምፈልገው።

የሞተሩን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ላንጋኖ ከባሕር ወለል 1,585 ሜትር ከፍ ያለ ነው። አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው 15 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ባለ 40 ፈረስ ጉልበቱ ሞተርም እዚያ 34 አካባቢ ነው የሚሰጠው። የአጎቴ ልጅ «ሻጩ አታለለኝ» ሲል ዓመት ሞልቶታል። አላታለለውም።

ቀጣዩ ክርክር ስለ ሰው ነበር። ነጂ ወደፊት ማየት አለበት፤ ከኋላ የሚሆነውን የሚያይ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፤ የወደቀ ሰው ጥቁር ፀጉር በሃምሳ ሜትር ርቀት ማዕበል መሃል ይጠፋል። ተመልካቹ የተጎታቹን የእጅ ምልክት ያነባል፤ አውራ ጣት ወደ ላይ «ጨምር»፣ ወደ ታች «ቀንስ»፣ መዳፍ በአንገት ላይ ሲሄድ «አጥፋ»። ሰው ሲወድቅም ቀይ ጨርቅ ያነሣል፣ ሌላ ጀልባ እንዳይመጣበት።

የዚህን ሰው ዋጋ ያስረዳሁት ግን በውድድር ስኪ ነው። በስኪ ውድድር ትሪክ የሚባል ዓይነት አለ፤ ስፖርተኛው እጀታውን ትቶ ገመዱን በእግሩ ይይዛል፣ እግሩ ማሰሪያ ውስጥ ገብቶ እየተሽከረከረ ነው የሚጎተተው። እዚህ ላይ የሳሙኤልሰን ቀለበት አይሠራም፤ እግር እንደ ጣት አይከፈትም። ስለዚህ ምሰሶው ላይ በአንድ ስቦሽ የሚለቅ መንጠቆ ይደረጋል፤ ጀልባው ውስጥም የዚያን መንጠቆ ገመድ ይዞ ዓይኑን ከስፖርተኛው ላይ የማይነቅል ሰው ይቀመጣል። ሥራው አንድ ነው፤ ሲወድቅ መልቀቅ። የዓለም ሻምፒዮን እንኳ ራሱ መልቀቅ በማይችልበት ጊዜ የሚለቅለት ሰው ሳይኖር አይታሰርም። አሥር ዓመት ያልሞላውን የሰው ልጅ በመኪና ቀበቶ ልናስረው ነበር።

«ተመልካች ማለት አንድ ወንበር ነው፤ አንድ ወንበር ማለት አንድ ከፋይ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። የእቁቡን ዕዳ ገና አልጨረሰም፤ ኢድ ደግሞ የዓመቱ ገበያው ነው። ቀጠለና «ወደው ነው የሚቀመጡት፣ ከፍለው ነው፤ እኔን ምን ያገባኛል?» አለ። አብረን ነው የቀራነው፤ የኢጃራን ባብ አስታወስኩት። ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው አሚን ነው፤ ወሰን ካላለፈ ወይም ቸል ካላለ ዷሚን አይሆንም። ቸል ካለስ? ፈትዋ መስጠቴ አይደለም፣ የሰው ነፍስ ጉዳይ ከዕቃ ጉዳይ የከበደ ነው፤ ኡስታዞችን ጠይቁ። እሱ ግን ዝም አለ፤ ስልኩንም ዘጋው።

አጎቴ ደወሉልኝ። «ልጁ ይብላበት እንጂ፣ አንተን ያስተማርንህ እንድትከለክለው ነው?» አሉኝ። ሥዕል እንደማልልክ ነገርኳቸው፤ ቀበቶው እስካለና ከኋላ የሚያይ ሰው እስከሌለ ድረስ አንዲት መስመር አልሰጥም። ለታላቅ እንዲህ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ኢዱ ያለ ጎማ አለፈ፤ የአጎቴ ልጅ እንደ ወትሮው ሰው ሲያዞር ዋለ፤ ለሁለት ሳምንትም ሰላምታዬን በአንድ ቃል ብቻ ይመልስልኝ ነበር።

ከዚያ የቀበቶዎቹን ፎቶ ላከልኝ፤ ስፌታቸው ተተርትሮ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ምንም አልጻፈበትም። ሥዕሉን በዚያው ሌሊት ላክሁለት። አሁን ታናሽ ወንድሙ ከኋላ ፊቱን ወደ ጎማው አዙሮ ይቀመጣል፤ ከእያንዳንዱ ዙር ድርሻ አለው። ጎማው ላይ ሁለት የጨርቅ እጀታዎች ብቻ አሉ። ሰው ይወድቃል፣ ይስቃል፣ ጃኬቱ ያንሳፍፈዋል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ጀልባው በዝግታ ይመጣለታል። «እሰርልኝ» የሚሉትን እናቶች ማስረዳት አሁንም ከባድ እንደሆነ ይናገራል። ሰማያዊው ናይለን የአጎቴን ፍየሎች ያስራል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አዲስ ጥያቄ አመጣ፤ ስኪ መጀመር ይፈልጋል። ሰው ከጥልቅ ውሃ ለማስነሣት 34 ፈረስ ጉልበት ቀላል ሰው ካልሆነ እንደሚያስጨንቀው፣ ፕሮፔለሩንም ፒቹ አነስ ባለ መቀየር እንዳለበት ነገርኩት። የሚሆን ከሆነ የመጀመሪያው ተጎታች እሱ ራሱ፣ ከኋላ የማየው ደግሞ እኔ እንድሆን ተስማምተናል። ጀልባዋን ማን ይነዳል በሚለው ላይ ግን ገና ነን፤ አጎቴ «እኔ እነዳለሁ» ይላሉ፣ እኛም እስካሁን መልስ አልሰጠናቸውም።